ከቁልቁለቱ መጀመር፦ በካርቬንደል ተራሮች ውስጥ ብስክሌት ለመንዳት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በኦስትሪያ የቲሮል ክልል፣ ከኢንስብሩክ ከተማ በስተሰሜን፣ የኖራ ድንጋይ ተራሮች አንዱ ከሌላው ኋላ ተደርድረው የቆሙበት ካርቬንደል የተባለ የተፈጥሮ ፓርክ ይገኛል። ስፋቱ 727 ካሬ ኪሎ ሜትር በመሆኑ ከአገሪቱ የተፈጥሮ ፓርኮች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ቢርክካርሽፒትሰ 2,749 ሜትር ይደርሳል፤ አካባቢው በሕግ መጠበቅ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በሸለቆዎቹ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ሰው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ለደን ሥራና ለበጋ (በአውሮፓ ከጁን እስከ ኦገስት) የከብት ግጦሽ ተብለው የተጠረጉት የኮረት መንገዶች ግን የተራራ ብስክሌት የሚነዳን ሰው ከመንደር አንስተው እስከ ትላልቆቹ ገደሎች ሥር ድረስ ያደርሱታል።

ወደዚህ የሚመጡ ሰዎች ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ስለ ዳገቱ ነው። ሳንባዬ ይችላል ወይ፣ እግሬ ይጸናል ወይ ይላሉ። እኔ ግን ከብዙ ጉዞ በኋላ ያመንኩበት ነገር ሌላ ነው። ዳገት ሰውን ያደክማል እንጂ አይጥልም፤ የደከመው ሰው ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ መሄድ፣ ካልሆነለትም ፊቱን አዙሮ መመለስ ይችላል። ሰው የሚጎዳው፣ መመለሻም የሚያጣው፣ ቁልቁለቱን ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ የጉዞው እቅድ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መሠራት አለበት፦ በየት በኩል ነው የምወርደው፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ፍሬን፣ በምን ያህል የቀረ ጉልበት? እነዚህ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ የመነሻው ሰዓትም፣ የሚያዘው ዕቃም፣ የዳገቱ ፍጥነትም በራሳቸው ይወሰናሉ።

ለማሳያነት የምጠቀምበት መንገድ ብዙ ብስክሌተኞች የሚያውቁት ነው። 964 ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው ከሻርኒትስ መንደር ተነስቶ በካርቬንደል ሸለቆ ወደ ካርቬንደልሃውስ የተራራ ማረፊያ ቤት ይወጣል፣ ሆህአልምዛተል የተባለውን የተራራ በር 1,803 ሜትር ላይ ይሻገራል፣ ከዚያም በክላይነር አሆርንቦደን መስክና በዮሃኔስታል ሸለቆ በኩል ወደ ሂንተርሪስ መንደር ይወርዳል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በባቡር ጣቢያና በማረፊያ ቤቶች የሚለጠፉት ሰዓቶች ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆኑ እንዳያሳስቱዎት ይጠንቀቁ።

መንገዱ ለብስክሌት የተፈቀደ መሆኑን ማረጋገጥ

በኦስትሪያ የ1975ቱ የደን ሕግ ማንኛውም ሰው ለመዝናናት በእግሩ ወደ ደን እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ብስክሌት ለመንዳት ግን የመሬቱ ወይም የመንገዱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቅ ሰፊና ምቹ የኮረት መንገድ ስላየ ብቻ የሚገባ ሰው ሕግ ጥሶ ሊገኝ ይችላል። ቲሮል ችግሩን የፈታችው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከመሬት ባለቤቶች ጋር ውል በመግባት ነው። ባለቤቱ መንገዱን ለብስክሌተኞች ይከፍታል፣ በምላሹ አደጋ ቢደርስ የሚመጣበት ኃላፊነት በመድን ይሸፈንለታል። የተከፈቱት መንገዶች ቁጥርና የብስክሌት ምልክት ያለበት ሰሌዳ አላቸው፤ በክልሉ ይፋዊ ካርታም ላይ ይታያሉ።

በተግባር የሚሠራው እንዲህ ነው። ጉዞው ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት መንገዱን በይፋዊው ካርታ ላይ ከመነሻ እስከ መድረሻ በጣትዎ እየተከተሉ ይመልከቱ፤ የትኛው ክፍል የብስክሌት መንገድ እንደሆነ፣ የትኛው የእግረኛ ብቻ እንደሆነ ለይተው ያስምሩ። ሌላ ሰው በስልኩ መዝግቦ ያሰራጨውን የጉዞ መስመር እንዳለ መከተል አደገኛ ልማድ ነው፤ መዝጋቢው ተከልክሎበት ያለፈበትን ቦታ መስመሩ አይናገርም። ለምሳሌ ከፋልከንሁተ ማረፊያ ቤት ወደ ኤንግ ሸለቆ የሚያሻግረው ቀጭን መንገድ በካርታ ላይ አጭርና ማራኪ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን በናዳ ድንጋይ ላይ የሚያልፍ የእግረኛ መንገድ ስለሆነ ወደ ኤንግ በብስክሌት መሄድ የሚፈልግ ሰው በሂንተርሪስ ዞሮ በዋናው መንገድ ይገባል። በደን ሥራ ወይም በናዳ ምክንያት ለጊዜው የተዘጋ መንገድ ካለም ሰሌዳ ይቆማል፤ ሰሌዳውን ዞሮ ማለፍ የሚቆረጥ ዛፍ ሥር ራስን ማስገባት ሊሆን ይችላል።

የመንገድ ደረጃዎችን መረዳት

በሰሌዳዎቹ ላይ ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ደግሞ ከባድ መንገድን ያመለክታል። ይህ ለሰፊዎቹ የኮረት መንገዶች ይበቃል። ለቀጫጭኖቹ የብስክሌት መንገዶች ግን በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ከኤስ0 እስከ ኤስ5 የሚደርስ መለኪያ አለ። ኤስ0 እንቅፋት የሌለበት ለስላሳ መንገድ ነው፤ ኤስ1 ትናንሽ ሥሮችና ድንጋዮች አሉበት፤ ኤስ2 ላይ ደረጃ የሚመስሉ ዝቅታዎችና ልቅ ድንጋይ ይጀምራሉ፤ ከኤስ3 ጀምሮ ያለው ለሠለጠነ ሰው ብቻ ነው፤ ከኤስ4 ጀምሮ ደግሞ የኋላ ጎማን አንስቶ ማዞር መቻል ያስፈልጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ መለኪያው የሚናገረው ስለ መንገዱ ቴክኒክ ብቻ ነው፤ ከጎኑ ስላለው ገደል አይናገርም። ኤስ1 የተባለ መንገድ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ገደል ሊኖረው ይችላል።

መጀመሪያ በኢዛር ሸለቆ ራስን መፈተን

በሙኒክ ከተማ መሀል አልፎ ዳኑብ ውስጥ የሚገባው የኢዛር ወንዝ የሚመነጨው እዚሁ ፓርክ ውስጥ ነው። ከሻርኒትስ ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ በሂንተራውታል ሸለቆ በኩል ወደ ካስተንአልም የግጦሽ ቦታ የሚዘልቅ የኮረት መንገድ ሲሆን፣ ካስተንአልም 1,220 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የከፍታው ልዩነት ከመነሻው 250 ሜትር ትንሽ ብቻ ይበልጣል። መንገዱ ከፍ ዝቅ ስለሚል እግር ይፈትናል፤ መመለሻው ግን ያው የመጡበት መንገድ በመሆኑ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

ተራራውን ለመሻገር ከማሰብዎ በፊት አንድ ቀን ለዚህ ሸለቆ እንዲሰጡ አጥብቄ እመክራለሁ። የሚታየው ውበት ለብቻው ቀኑን የሚክስ ነው፤ ውሃው በነጭ ጠጠር ላይ ሲፈስ ቀለሙ አረንጓዴና ሰማያዊ ይቀላቅላል። ዋናው ጥቅሙ ግን የካርቬንደልን ኮረት ከጎማዎ ጋር ማስተዋወቁ ነው። ይህ ኮረት ከወንዝ እንደሚወጣ ድቡልቡል ጠጠር አይደለም፤ ከገደሉ የተሰበረ፣ ጠርዙ የሾለ፣ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ኖሮት ከላይ እንደ ባቄላ የሚንከባለል ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ ፍሬን ሲይዙ ጎማው ምን ያህል እንደሚንሸራተት፣ መሪውን ሳያጠነክሩ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ፣ ገደል በሌለበት ቦታ ይማሩት። በመመለሻው ላይ ሰፊና ሰው የሌለበት ቦታ መርጠው በፊት ፍሬን ብቻ፣ ቀጥሎ በኋላ ፍሬን ብቻ፣ በመጨረሻም በሁለቱ እየቆሙ ርቀቱን በእርምጃ ይለኩ። ይህ የሩብ ሰዓት ልምምድ ከብዙ ንባብ ይበልጣል።

በወንዙ ዳር ስላለው ጠጠራማ መሬት አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። ከሜይ እስከ ጁላይ ባሉት ወራት የውሃ ዳር ትናንሽ ወፎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያው ጠጠሩ መሀል ነው። እንቁላሉ ነጣ ያለና ጠቃጠቆ ያለበት ስለሆነ አጎንብሶ የሚፈልገው ሰው እንኳ ከድንጋዩ ለይቶ አያየውም። ምልክት ወደተደረገባቸው የጠጠር ዳርቻዎች በብስክሌትም በእግርም አይግቡ።

ብስክሌቱን ማዘጋጀት

ለዚህ መንገድ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። የፊት አሞርዛተር ያለው፣ ፍሬኑ የዲስክ የሆነ፣ ጎማው ሰፊና ጥርሱ ያልተበላ፣ ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ ያለው ብስክሌት በቂ ነው። የጎማውን ንፋስ በተመለከተ፣ ሰፊ ጎማ ያለው መካከለኛ ክብደት ያለው ሰው ከ1.7 እስከ 2 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ባለው ውስጥ ቢጀምር መልካም ነው፤ ካላማዳሪ ያለው ጎማ ከሆነ ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጋ፤ ምክንያቱም ንፋሱ ያነሰ ጎማ ሹል ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ፍሬኑ ነው። ከቤት ሳይወጡ ጎማዎቹን ፈትተው የፍሬን ሸራዎቹን በብርሃን ይመልከቱ። ሸራው ከተጣበቀበት ብረት በላይ የቀረው ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ ለተራራ አያገለግልም፤ ይቀይሩት። አዲስ ሸራ ሲገባም ወዲያውኑ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። በሜዳ ላይ ሀያ ጊዜ ያህል ከመካከለኛ ፍጥነት ቀስ እያሉ በመያዝ ከዲስኩ ጋር ማለማመድ ያስፈልጋል። የፍሬን መያዣውን ጨብጠው ለአሥር ሰከንድ ይቆዩ፤ ቀስ እያለ ወደ መሪው የሚሰምጥ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነውና ባለሙያ ያየው።

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ የጎማ መንፊያ፣ የብሎን መፍቻዎች፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መያዣ፣ ዝናብና ንፋስ የሚከላከል ጃኬት፣ ረጅም ጣት ያለው ጓንት፣ በወረቀት የታተመ ካርታና የእጅ ባትሪ። ሄልሜት የግድ መሆኑን መናገር አያስፈልግም። የመንገዱ ቀጣይ ክፍል ወደ ጀርመን ድንበር ስለሚያልፍ ፓስፖርትዎን ወይም የመኖሪያ ፈቃድዎን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይዘው ይሂዱ።

በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት ለሚነዱ ደግሞ፣ ሞተሩ ዳገቱን ስለሚያቀል ብቻ ቁልቁለቱ የቀለለ አይምሰልዎ። የብስክሌቱ ክብደት ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሆነ ፍሬኑ የሚሸከመው ኃይል ይጨምራል፤ ዳገቱ ባያደክማቸውም ቁልቁለት መውረድን ያልተለማመዱ ሰዎችን ወደ 1,800 ሜትር የሚያደርሳቸውም ይኸው ሞተር ነው።

ሰዓቱንና የአየሩን ጠባይ ማስላት

በከፍታው ሥፍራ በረዶ እስከ ጁን ድረስ ሊቆይ ይችላል፤ በኦክቶበርም ቀኑ አጭር ሆኖ ጥላ ያለበት መታጠፊያ ላይ ውሃው ወደ በረዶ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል። አመቺዎቹ ወራት በእነዚህ ሁለቱ መሀል ያሉት ናቸው።

የጊዜውን ስሌት እኔ የምሠራው በዚህ መንገድ ነው። በዳገት ላይ በሰዓት 400 ሜትር ከፍታ፣ በርቀት ደግሞ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እቆጥራለሁ፤ ከሁለቱ የሚበልጠውን ሙሉ፣ የሚያንሰውን ግማሽ እደምራለሁ። ከሻርኒትስ እስከ ካርቬንደልሃውስ ርቀቱ 18 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍታው ደግሞ 800 ሜትር ያህል ነው። ከፍታው 2 ሰዓት ይሰጣል፣ ርቀቱ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይሆናል፤ የርቀቱ ግማሽ ሲጨመር ወደ 3 ሰዓት ይጠጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው የእረፍት ግማሽ ሰዓት ይጨምርበት።

በበጋ የነጎድጓድ ዝናብ በብዛት የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ቁልቁለቱን ጨርሶ ሸለቆው ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። ከዚህ ወደ ኋላ ሲቆጠር፣ ከተራራው በር ከ6 ሰዓት በፊት መውረድ መጀመር፣ ማረፊያ ቤቱ ጋ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ መድረስ፣ ከሻርኒትስም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መነሳት ይገባል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተው ከኢንስብሩክ በጀርመን ወዳለችው ሚተንቫልድ የሚሄደው የባቡር መስመር ሻርኒትስ ላይ ይቆማል፤ ለብስክሌት የሚሆነው ቦታ ውስን ስለሆነ ግን ቀድሞ ማጣራትና የሚቻል ከሆነ መንደሩ አድሮ መነሳት ይሻላል።

አየሩ በየ100 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሻርኒትስ ላይ 18 ዲግሪ ከሆነ በሩ ላይ 13 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በላብ የራሰ ሰው በንፋስ ውስጥ ሲወርድ ይህ ልዩነት ጣቱን ለማደንዘዝ ይበቃል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን መመጠን አይችልም። መብረቅ ካዩ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከሸንተረሩና ለብቻው ከቆመ ዛፍ ርቀው መጠለያ ይፈልጉ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይውጡ።

ዳገቱን መውጣት

ከሻርኒትስ እንደወጡ መንገዱ ሳይታሰብ ቀጥ ያለ ዳገት ይሆናል፣ ሰውነት ሳይሞቅም ትንፋሽ ይቆርጣል። እዚህ ላይ ጉልበት አያባክኑ። ትንፋሽዎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመናገር በሚፈቅድልዎ መጠን ብቻ ይርገጡ። ወደ ሸለቆው ከገቡ በኋላ መንገዱ ረጋ ይልና በግራና በቀኝ ግራጫ ገደሎች እየከፈተ ረጅም ርቀት ይወስድዎታል። ከአንገርአልም የግጦሽ ቦታ በኋላ ግን የቀረው 450 ሜትር ያህል ከፍታ በጠመዝማዛ መታጠፊያዎች ተጨምቆ ይመጣል። በዚህ ቦታ ደረትዎን ወደ መሪው ዝቅ አድርገው ከመቀመጫው የፊት ጫፍ ላይ ይቀመጡ፤ ክብደት ወደ ኋላ ከሄደ የፊት ጎማ ይነሳል፣ ከመቀመጫው ከተነሱ ደግሞ የኋላው ጎማ ኮረቱ ላይ ይሽከረከራል።

ውሃን በተመለከተ የካርቬንደል ድንጋይ ያሳስታል። የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡ በስንጥቆቹ እየሰረገ ወደ ታች ይወርዳል፤ በካርታ ላይ ጅረት ተብሎ የተሣለው ቦታ በበጋ ደረቅ ጠጠር ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሊትር አስበው ይያዙ። ምግብ ደግሞ ሳይርብዎ በየግማሽ ሰዓቱ በትንሽ በትንሹ ይብሉ።

ማረፊያ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ለሩብ ሰዓት ያህል ሳይቸኩሉ ይቀመጡና ራስዎን ይመርምሩ። ጭንዎ ይንቀጠቀጣል ወይ? እጅዎን ጨብጠው ሲከፍቱት ይታዘዛል ወይ? ደመናው በምዕራብ በኩል ወፍሯል ወይ? ከነዚህ አንዱ ካሳሰበዎት ወደ ሻርኒትስ መመለስ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ የመጡበት መንገድ የሚታወቅ ነውና። በሩን ከተሻገሩ በኋላ ግን ይህ አማራጭ እየራቀ ይሄዳል።

ቁልቁለቱን መውረድ

ከሆህአልምዛተል እስከ ክላይነር አሆርንቦደን ድረስ መንገዱ 400 ሜትር ያህል ከፍታ ይወርዳል፤ ከዚያ በዮሃኔስታል በኩል ወደ ሪስ ሸለቆ ሲቀጥል ሌላ ወደ 500 ሜትር ይጨመራል። በጠቅላላው 900 ሜትር ገደማ በፍሬን መሸከም አለብዎት ማለት ነው።

የመጀመሪያ ጉዞዬን ሁልጊዜ አስታውሰዋለሁ። የላይኛውን ቁልቁለት ፈርቼ ሁለቱንም ፍሬኖች ከላይ እስከ ታች ሳልለቅ ይዤ ወረድኩ፤ ፍጥነቴ ዝቅተኛ ስለነበር የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ነበር። ከአራተኛው መታጠፊያ በኋላ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ የኋላ ፍሬን መያዣው ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ መሪው ድረስ ገባልኝ። ብስክሌቱን ወደ ተራራው ጎን ሣር አስጠግቼ በእግሬ አቆምኩት። ከግንባሬ የወረደ አንድ የላብ ጠብታ ዲስኩ ላይ ሲያርፍ እንደ ምጣድ ላይ ውሃ ጢስ ብሎ ጠፋ። ዲስኩ ጠቁሮ ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ ነበር። ያን ቀን የተማርኩት፣ ፍሬንን ያለማቋረጥ መያዝ ጥንቃቄ የሚመስል አደጋ መሆኑን ነው፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ጊዜ ስለማያገኝ ሸራውና ዘይቱ አብረው ይቃጠላሉ።

ትክክለኛው አያያዝ ይኸውና። ከመጀመርዎ በፊት መቀመጫውን ዝቅ ያድርጉ፣ ጃኬትዎን ይልበሱ፣ ጓንትዎን ያጥልቁ። ፔዳሎቹን እኩል አግድም አድርገው ይቁሙባቸው፤ ተረከዝዎ ትንሽ ዝቅ፣ ጉልበትዎና ክንድዎ ልል፣ ወገብዎ ከመቀመጫው ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን። ፍሬኑን በአንድ ጣት ብቻ ይያዙ፤ የቀሩት ጣቶች የመሪው ናቸው። ከዚያም ፍሬንን በቀጥታው መንገድ ላይ ጠንከር አድርጎ ለአጭር ጊዜ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ያስፈልጋል። በለቀቁበት ጊዜ ንፋሱ ዲስኩን ያቀዘቅዘዋል። የሚያቆመው ኃይል አብዛኛው ከፊት ፍሬን ስለሚመጣ እሱን መፍራት አይገባም፤ መፍራት የሚገባው በድንገትና ጎማው ዘንበል ባለበት ጊዜ መያዙን ነው።

ስለዚህ የመታጠፊያው ሥራ ከመታጠፊያው በፊት ማለቅ አለበት። ገና ቀጥ ብለው ሳሉ ፍጥነቱን በአንድ እግር መሬት እየነኩ ማዞር እስከሚችሉበት ድረስ ያውርዱት፣ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ዓይንዎን ከጎማው አንስተው ወደ መታጠፊያው መውጫ ይላኩት። ብስክሌት ዓይን ወዳየበት ይሄዳል፤ የገደሉን ጠርዝ የሚመለከት ሰው ወደ ገደሉ ጠርዝ ይሳባል። በመታጠፊያው መሀል የኮረት ክምር ይኖራል፤ የመኪና ጎማ ጠርጎ ያጸዳው መስመር ከውስጥ ወይም ከውጭ በኩል ጠቆር ብሎ ስለሚታይ እሱን ይምረጡ። የኋላ ጎማ ቆልፎ መጎተት ብስክሌቱን ከቁጥጥር ውጭ ያደርጋል፤ በቀጭን መንገዶች ላይ ደግሞ ዝናብ የሚያሰፋው ቦይ ትቶ ያልፋል፣ መንገዱም በዚህ ምክንያት ሊዘጋ ይችላል።

በየ150 ወይም 200 ሜትር የከፍታ ልዩነት በተራራው በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ይቁሙ። ዲስኩን በጣት አይንኩ፤ ለማቀዝቀዝም ውሃ አያፍስሱበት፣ ትኩስ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማልና። እጅዎን አራግፉት፣ እይታዎም ከመንገዱ ይረፍ። እንዲህ በእርጋታ ሲወርዱ ክላይነር አሆርንቦደን ድንገት ይከፈትልዎታል፤ 1,399 ሜትር ላይ ያረጁ የሜፕል ዛፎች በአረንጓዴ መስክ ላይ ተበትነው የቆሙበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 የበጋ ወራት ብቻ 88 የካርቬንደል ጫፎችን ለወጣው ለሄርማን ፎን ባርት የቆመው የመታሰቢያ ድንጋይም እዚሁ ነው። ለረጅሙ እረፍት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከብት፣ እግረኛና የዱር እንስሳ

መንገዱ የሚያልፍባቸው መስኮች ሰዎች ኑሯቸውን የሚያገኙባቸው የግጦሽ ቦታዎች ናቸው። የከብት በር ከፍተው ካለፉ መልሰው ይዝጉ። ጥጃ ያላት ላም መንገድ ላይ ካገኙ ከብስክሌቱ ወርደው፣ ብስክሌቱን በእርስዎና በእሷ መሀል አድርገው፣ በሰፊው ዞረው ይለፉ፤ ውሻ ካለ ደግሞ የላሟ ጠብ ከውሻው ጋር ነውና ርቀቱን የበለጠ ያስፉ። እግረኛ ምንጊዜም ቅድሚያ አለው። ከኋላ ሲመጡ ከሩቅ ድምፅ ያሰሙ፣ በእርምጃ ፍጥነት ይለፉ፣ ሰላምታም ይስጡ። አጋዘኖችና የተራራ ፍየሎች ለግጦሽ የሚወጡት ሲነጋጋና ሲመሽ ስለሆነ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ በመብራት መንዳትን ይተዉት፤ የሸሸ እንስሳ የሚያወጣው ጉልበት ለክረምቱ ያጠራቀመው ነው።

አደጋ ቢደርስ

በኦስትሪያ የተራራ ነፍስ አድን ጥሪ ቁጥር 140 ነው፤ በመላው አውሮፓ የሚያገለግለው 112 ደግሞ የእርስዎ መስመር በሌለበት ቦታ በሌላ ኩባንያ ኔትዎርክ ሊሠራ ስለሚችል በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ እሱን ይሞክሩ። የሚናገሩት የት እንዳሉ፣ ምን እንደደረሰ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ የአየሩ ሁኔታ ምን እንደሆነ ነው። ስልክ ከሌለ በደቂቃ ስድስት ጊዜ በብርሃን ወይም በፉጨት ምልክት ይስጡ፣ አንድ ደቂቃ ያርፉ፣ እንደገና ይድገሙ። በደቂቃ ሦስት ምልክት ከተመለሰልዎ ተሰምተዋል ማለት ነው።

ታች ከደረሱ በኋላ

ዮሃኔስታል የሚያወጣዎት ከሂንተርሪስ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፦ ሂንተርሪስ የኦስትሪያ መሬት ብትሆንም የመኪና መንገድ የሚያገናኛት ከጀርመን ጋር ብቻ ነው። ወደ ሻርኒትስ የሚመልስ አጭር አስፋልት የለም። የቀረው ምርጫ በፎርደርሪስና በሚተንቫልድ በኩል ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ በወንዝ ዳር መዞር፣ ወይም በፌራይንአልም በኩል ሌላ ብዙ መቶ ሜትር ዳገት ወጥቶ ወደ ሚተንቫልድ መሻገር ነው። አውቶቡስ በበጋ ወራት ይገኛል፤ ብስክሌት መጫን አለመጫኑንና የመጨረሻውን ሰዓት ግን ከጉዞው በፊት ያጣሩ። ጉልበት የተረፈው ሰው የመጀመሪያውን መንገድ እንዲመርጥ እመክራለሁ፤ ሁለተኛው ለጠነከሩትና ሰዓቱ ለሚበቃቸው ብቻ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ከመነሳትዎ በፊት የፍሬን ሸራዎቹን እንደገና በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። በእርጥብ ቀን የኖራው ድንጋይ ዱቄት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ሸራውን እንደ ሞረድ ስለሚበላው፣ ጠዋት ወፍራም የነበረው ከቀትር በኋላ አልቆ ሊገኝ ይችላል፤ ከቦርሳዎ ውስጥ ያለው መለዋወጫ ጥንድ የሚገባበት ቦታ ይህ ነው።